ድንኳን፣ ድንችና የልጄ ደግነት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ነርሷ «ወደቅሽ» ትላለች። ጡረታ የወጣች ነርስ የምታክመው ሲጠፋባት ጤነኛውን ይዛ ታሳምመዋለች። ተቀመጥኩ ነው የምለው። «ቸኩለሽ ተቀመጥሽ» ብትለኝ ኖሮ እቀበላት ነበር።

ለልጄ እንዳትነግሪው አልኳት። እሺ አለች። ቤቷ ሳትደርስ ስልኳን አንስታለች። ሁሉንም ግን አልነገረችውም፤ ለዚያኛው ቃሏን ጠብቃለች።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ልጄና ምራቴ ብርቱካን ይዘው መጡ። ብርቱካን የሚመጣው ለታማሚ ነው።

ልጄ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰውን በእሳት፣ በጎርፍና በመኪና ግጭት ሲያስፈራራ ይውላል፤ ማታ ደግሞ በእኔ ይለማመዳል። ቤቱ በዝቶብሻል፣ ደረጃው ያሰጋል፣ ይሸጥና እኛ ጋ ግቢ፣ መስኮት ያለው ክፍል አለን አለኝ። መስኮትማ እስር ቤትም አለው። ምራቴ አንገቷን ደፍታ ብርቱካን ትልጥ ነበር። እሷ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ሰው ሲያቃስት ፈገግ ማለት እንጀራዋ ነው።

ከዚህ ቤት አልወጣም አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ያን ሁሉ ዘመን ለልጃገረዶች የቤት አያያዝ ሳስተምር አንድን ነገር ሁለቴ ተናግሬ አላውቅም።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ልጄ ደወለ። ነገ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን እናድራለን፣ አንቺም ትመጫለሽ፣ ንጹሕ አየር ያስፈልግሻል አለኝ። ይህ ልጅ ዛፍን የሚያውቀው መኪናውን ጥላ ሥር ለማቆም ነው።

እሺ አልኩ። እምቢ ብል በጉልበቴ ያመካኙታል።

ጥቅምት 9፣ እሑድ ማታ

በሕይወት ተመለስን። ይህን የምለው ስለ መንገዱ ሳይሆን ስለ እራቱ ነው።

ድንኳኑ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ልጄ መመሪያውን ገልብጦ ይዞ ነበር። ስነግረው ሥዕሉ በሁለቱም በኩል አንድ ነው አለኝ። በአራተኛው ቆመ፤ የተረፉትን ሁለት ብረቶች ማንም ሳያየው ኪሱ ከተታቸው። እኔ አየሁት።

ምራቴ ከስልኳ እያየች አበሰለች። ስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት «ሜዳ ላይ በቀላሉ የሚሠሩ ጣፋጭ ምግቦች» እያለች ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃት እራቱ ሲቀርብ ገባኝ። መኮሮኒው በቀዝቃዛ ውሃ ተጀመረና ሙጫ ሆኖ ጨረሰ። ቋሊማው ነበልባል ላይ ተያዘ፤ ውጪው ከሰል ሆነ፣ ውስጡ ገና ከማቀዝቀዣ አልወጣም ነበር። ጨው ተረስቷል። ሦስት ዓይነት የፊት ቅባት ይዛ የመጣች ሴት ጨው ረሳች።

የአዳሪ ትምህርት ቤታችን የወጥ ቤት መምህርት «ነበልባል ለዓይን፣ ፍም ለድስት» ትለን ነበር፤ እያንዳንዷን ቃል በማስመሪያ ጣታችን ላይ እያሳረፈች። ምራቴን በማስመሪያ የመታት ሰው የለም። ያሳዝናል።

ምንም አልተናገርኩም። ማለቴ፣ ከተናገርኩትም አብዛኛው እውነት ነበር። እሳቱ አጠገብ የምራቴ ዓይን ቀልቶ አየሁ። ጭሱ ነው።

እቤት ስገባ ዘግቼው የሄድኩትን የጓዳ በር ተከፍቶ አገኘሁት። ነፋስ ይሆናል። መስኮቶቹ ግን ዝግ ናቸው።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

በዚህ ቅዳሜም እንሄዳለን ይላል። ምን ነካው።

ከተሄደ አይቀር የማበስለው እኔ ነኝ። ሽንኩርቱ እዚሁ ይከተፋል። ድንቹ እዚሁ ግማሽ ይቀቀላል። እንቁላሉ እዚሁ ተሰብሮ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ እንቁላል በቅርፊቱ ይዞ የሚጓዝ ሰው መንገዱንም እንቁላሉንም አያውቅም። ሎሚ። ፎይል። ጨው በሁለት ቦታ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

በሉ። እንደ ሰው በሉ።

የዓሣውን ሆድ ከፍቼ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ጨው ሞላሁበት። በፎይል ጠቅልዬ ነበልባሉ እስኪከስም ጠበቅሁና ፍሙ ዳር ቀበርኩት፤ ድንቹን ከጎኑ። ልጄ «አሁን አይወጣም?» እያለ እንደ ሕፃን ሲዞረው እጁን በጭልፋ ነካ አደረግሁት። ጭልፋም ከማስመሪያ አያንስም። ሲቀርብለት አጥንቱን መጥጦ ነው የጨረሰው፤ ምስጋና ግን የለም። በአባቱ ወጥቷል፣ እሱም አፉ የሚከፈተው ለማንኪያ ነበር።

ምራቴ እንዴት እንደሠራሁት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ስልኳን አውጥታ ልትቀዳኝ ስትል በጆሮሽ ስሚ፣ ነገ እንቁላሉን አንቺ ነሽ የምትሠሪው አልኳት። ጠዋት ሠራች። ከሥር ያዘባት። ከላይ ከላዩ ግን ይበላል፤ እኔም በልቼዋለሁ።

ድንኳን ለሰው መኝታ አይሆንም። መሬቱ ይቆረቁራል፣ ሸራው ይርገበገባል፣ ልጄ ያንኮራፋል። ከመሸ እስኪነጋ አልነቃሁም።

እቤት ስገባ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ብዙ ቆሜ ካዳመጥኩ በኋላ ነው የገባኝ። ስንት ዓመት ሲንጠባጠብ የኖረው የወጥ ቤቱ ቧንቧ ዝም ብሏል። እኔ ቤቴ በሌለሁበት ቧንቧዬ ድኗል።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ነርሷ በአጥሩ በኩል «እንግዶችሽ ደግ ሰዎች ይመስላሉ፤ በተለይ ወፍራሙ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ» አለችኝ። መቼ? ቅዳሜ። ቅዳሜ ሐይቅ ነበርኩ፤ መነጽርሽን ቀይሪ አልኳት።

መነጽሯን የቀየረችው ባለፈው ወር ነው። አብሬያት ሄጄ ክፈፉን የመረጥኩላት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ዝናብ። ትንሿን የጋዝ ምድጃ ድንኳኑ በር ላይ፣ ሸራው ከማይነካት ቦታ አስቀመጥኩና በአንድ ድስት ምስርና ሩዝ ሠራሁ። ምስሩን ከቤት ዘፍዝፌው ነበር። ሽንኩርቱ መጀመሪያ፣ በዘይት፣ ሳይቸኩሉ፤ ከዚያ ቲማቲም፤ ከዚያ ምስርና ሩዝ በአንድ ላይ፤ ከዚያ ክዳን። ክዳኑ አይነሳም። ምራቴ ሁለት ጊዜ አነሳችው። በሦስተኛው እጇን ዘርግታ ስታየኝ ራሷ መለሰችው፤ ሁለታችንም ሳቅን። ምን እንዳሳቀኝ አላውቅም።

ልጄ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ስልክ ያወራል። የመድን ሥራ ቅዳሜም አያርፍም መሰለኝ። ሲመለስ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር፤ ፊቱ ላይ ደግሞ የፈተና መልስ የሰረቀ ልጅ መልክ አለ። ያን መልክ እኔ ነኝ የማውቀው።

እቤት ስገባ የጓዳው ግድግዳ ላይ በእርሳስ የተሰመረ መስመር አየሁ። ከወለል እስከ ጣሪያ፣ አንድ ሰው በዚህ በኩል ይፍረስ ብሎ ያሰመረው ዓይነት። ሳይለካ በግምት የተሰመረ ነው፤ ከላይ ወደ ግራ ያዘነብላል። በደረቅ ዳቦ ፍርፋሪ ፈግፍጌ አጠፋሁት። ማፍረስ ካስፈለገ እንኳ ቀጥ አድርጎ ማስመር ያባት ነው።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ አልጠረጥርም፤ እኔ አያለሁ። በር ተከፍቷል፣ ቧንቧ ተጠግኗል፣ ወፍራም ሰው ሰላም ብሏል፣ ግድግዳዬ ተሰምሯል። ይህን ሁሉ ደምሮ መልሱን ለማግኘት አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። እናቱን ዓሣ እያበላ ቤቷን ያስጎበኛል። ይቅርታ፣ ዓሣውን የማበላውም እኔ ነኝ።

ለምን ዝም አልኩ? ማስረጃ ሳይሟላ ተማሪ አይከሰስም፤ ለዚህ ነው።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። በቆሎ ገዝቼ አስቀምጫለሁና ይበላሻል።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

በቆሎው ከነልብሱ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ነው ፍም ላይ የሚጣለው፤ እንዲያ ሲሆን በራሱ እንፋሎት ይበስላል። ምራቴ እንደዚህ መሆኑን ሳልነግራት አወቀች። «ልብሱን አትንካው» ብላ ባሏን ስትቆጣው ድምፄን የሰማሁ መስሎኝ ዞርኩ።

እጄን ልታጠብ ወደ ውሃው ስወርድ ከመኪናው ጀርባ ሲያወሩ ሰማሁ። ልጄ ባልና ሚስቱ ዛሬም አይተው ወደውታል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከደላላው ጋር መጥተው ቁርጡን ይነግሩናል፣ ያኔ ለእማዬ ቀስ ብለን እናስረዳታለን ይላል። ምራቴ መለሰችለት፦

«እኔ እሷን ማታለል ሰልችቶኛል። ደግሞ እኮ ደስ እያላት ነው፤ አይታይህም?»

ደስ እያላት ነው ያለችው ስለ ማን እንደሆነ አልገባኝም።

ተመልሼ በቆሎዬን በላሁ። በመንገድ ላይ ልጄ ለምን ዝም እንዳልኩ ጠየቀኝ። ጥርሴ ውስጥ ገብቶብኝ ነው አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ዓሣ፣ ድንች፣ ቅቤ። ለሰባት ሰው ይበቃል። የድንኳኑ ዕቃ እኔ ዕቃ ቤት ነው የሚቀመጠው፤ ንጹሕ አድርጎ የሚያጥፈው ሌላ ስለሌለ። ነርሷን ቅዳሜ በጠዋት ነይ አልኳት። ለምን አላለችም። ጎበዝ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ ማታ

መሽቷል። ቢሆንም ከመተኛቴ በፊት መጻፍ አለብኝ።

ልጄና ምራቴ ሊወስዱኝ ሲመጡ ድንኳኑ ግቢዬ መካከል ተተክሏል። ከነርሷ ጋር ነው የተከልነው፤ አንድም ጊዜ አልወደቀም፣ አንድም ብረት አልተረፈም። እሳቱ ነዶ ፍም ይዟል። ልጄ በሩ ላይ ቀረ። ዛሬ ሽርሽሩ እዚህ ነው፣ ንጹሕ አየር ግቢዬም አለ አልኩት። ምራቴ እኔን አየች፣ ድንኳኑን አየች፣ ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ ድንቹን መጠቅለል ጀመረች።

ልጄ ወደ ኮሪደሩ ገብቶ ስልክ ደወለ። ሹክ የሚል ይመስለዋል፤ የዚያ ኮሪደር ማሚቶ ግን የእኔ ወገን ነው። «ዛሬ አይሆንም ስልህ... እንዴት መንገድ ላይ ናቸው?» ሲል ሰማሁ።

ደረሱ። ወፍራሙ ደላላ ከፊት፣ ከኋላው ወጣት ባልና ሚስት። ደላላው ድንኳኑን ሲያይ ትንሽ ተደናበረ፤ ደላላ ግን ሳይወድቅ ይነሳል። «እማማ፣ እንኳን አገኘንዎት፤ ግቢው ለድንኳንም እንደሚመች እያሳዩልን ነው» አለ። ነርሷ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

እንግዳ ሳይበላ ቤት አይጎበኝም፣ ዓሣው እስኪበስል ግን ላስጎብኛችሁ አልኩና ከፊት ቀደምኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር። ውሸት አልናገርም፤ እውነቱ ይበቃቸዋል። ጣሪያው ያፈሳል፣ በዝናብ ሁለት ባልዲ ይበቃዋል አልኩ። የምሥራቁ መስኮት አይዘጋም አልኩ። ቧንቧውን እኔ ሳላይ ጠግነውታል፣ እኔ ሳላይ ደግሞ ይበላሻል አልኩ። ጓዳውን ለማፍረስ ካሰባችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስምሩ፣ ግድግዳው ደግሞ ጣሪያውን ተሸክሟል አልኩ። ባልየው ጆሮው ቀላ። ያሰመረው እሱ ነው። ደላላው በእያንዳንዱ ክፍል «ይሄ እንኳ ቀላል ነው» ይላል፤ ድምፁ ግን በየክፍሉ እያነሰ መጣ። ልጄ ከኋላ ይከተላል። እየተደሰትኩ ነበር፤ አልዋሽም። ክፍል ውስጥ ሆኜ እንደማስተምርበት ዘመን ድምፄ ሁሉ ተስተካክሎልኝ ነበር።

ደረጃው ጋ ደረስን። ትልቁ ጉድለት ለመጨረሻ ነው የሚቀመጠው።

«ይህ እርከን ይነቃነቃል» አልኳቸው፤ «እኔ እዚህ ነው የወደቅሁት። ከቁርስ በፊት ወድቄ ጎረቤቴ ምሳ ልታቀምሰኝ እስክትመጣ ድረስ እዚያ ታች ተኝቼ ነበር። መነሳት አልቻልኩም። ጮኼም ነበር። ግድግዳው ግን ወፍራም ነው፣ ድምፅ አያሳልፍም፤ ይሄን እንደ ጥሩ ጎን ቁጠሩት።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ይስቃሉ ብዬ ነበር።

ወጣቷ ሚስት ደረጃውን ወደ ላይ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። «እርስዎ እዚህ ብቻዎን ነው የሚኖሩት?» አለች። በክፋት አልነበረም። ስለ ቤቱ አንድም ነገር አልጠየቀችም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የቤቱን ጉድለት እቆጥራለሁ ብዬ የራሴን ስቆጥር ነበር፤ ያውም ልጄ ፊት፣ በጥሩ ድምፅ። የመድን ሠራተኛ ወሩን ሙሉ ሲፈልገው የነበረውን ማስረጃ እናቱ አሟልታ አቀረበችለት።

ልጄ እዚያው የሚነቃነቀው እርከን ላይ ተቀመጠ።

«እስከ ምሳ ድረስ፣ እማዬ?»

«ዓሣው ያርራል» አልኩት።

ወጥተን በላን፤ ወይም እነሱ ትንሽ ትንሽ ቀመሱ። በደንብ የበላው ደላላው ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ድንች ጠየቀ። ባልና ሚስቱ እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተሰናበቱኝ። አይመለሱም። አሸንፌያለሁ መሰለኝ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ልጄ ብቻውን መጣ። ብርቱካን አልያዘም። ዋሽቼሻለሁ አለ፣ ይቅርታ አለ፣ ብዙ አለ። ያናደደኝ ውሸትህ ሳይሆን የደላላ አመራረጥህ ነው አልኩት። ሊስቅ ሞክሮ አልቻለም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻውን አየሁት። እንዲህ ሲያደርግ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ቁምጣ በሚለብስበት ዘመን ነው። ያኔ አልጋው ላይ ብርድ ልብስ ጨምሬለት እወጣ ነበር። አሁን ምን እንደሚጨመር አላውቅም፤ ሻይ ቀዳሁለት።

ከጠጣ በኋላ ነገርኩት። «ቤቱን አልሸጥም። ደረጃውን ግን ትቼዋለሁ። አልጋዬን ታች አውርዱልኝ፤ ቁልፉን ነርሷ ትያዝ።»

ሁለት ጊዜ እንድደግምለት ጠየቀኝ። ደገምኩለት።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

አልጋው ወረደ። ልጄና አንድ የሥራ ባልደረባው ተሸከሙት፤ በሩን ቧጨሩት፣ ደረጃውን ቧጨሩት፣ እግሩን ገልብጠው ገጠሙት። ምራቴ አንሶላውን አነጠፈች። ማዕዘኑን እንደ ሆስፒታል አጠፈችው፤ ማን እንዳስተማራት ጠየቅኋት፣ ሐይቅ ዳር የመኝታሽን ብርድ ልብስ ስታጥፊ አይቼ ነው አለች።

ላይኛው ፎቅ ጸጥ ብሏል። ታችኛውም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ስልኩ ዝም ብሏል። ልክ ነው። የሚታይ ቤት ከሌለ የሚወሰድ አሮጊት የለም። ወጥመዱ ከተነሳ ፍርፋሪው ለምን ይቀራል።

ሽንኩርት ግን ከትፌያለሁ። በስህተት ነው። ለአንድ ሰው ሦስት ራስ ምን ያደርጋል።

አሁን ስልክ ደውዬ መመለሴ ነው። ለመቆጣት እንጂ ለመጠየቅ ደውዬ አላውቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ተቧጨረው በር ጥቂት ተቆጣሁ። ያነሳችው ምራቴ ናት። ሰምታኝ ስትጨርስ ሌላ ነገር አለ እንዴ፣ እማማ አለችኝ።

«ነገ ሐይቅ አትሄዱም?»

 ቀስ ብላ፣ «እኛማ ከእንግዲህ አብረሽን የምትመጪ አልመሰለንም» አለች።

ለምን እንደማልመጣ ልጠይቃት፣ ስለ ማታለል ሁለት ነገር ልነግራት፣ ዓሣው ርካሽ የሆነበት ወቅት ነው ልላት አሰብኩ። አፌ ሁሉንም አልፎ ሄደ።

«ውሰዱኝ» አልኩ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንድንነሳ ተባብለን ነበር። ቅርጫቴን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። የመጡት አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ልጄ ትናንት ቤንዚን ሳይቀዳ አድሮ። አንድም ቃል አልተናገርኩም።